ከጥዱ ሥር ጠብቀኝ

ማክሰኞ

አያቴ ዛሬም አንዲት ሴት አሳሳቱ። «ከወፍጮ ቤቱ ታጠፊ፣ የጋሪ ማቆሚያውን እለፊ» አሏት። ወፍጮ ቤቱ ሆቴል ሆኗል፣ ጋሪ ይቆምበት የነበረው ቦታ ሞባይል ይሸጥበታል። ምስኪኗ ሁለቴ ዞራ መጥታ እኔን ጠየቀችኝ።

የባሰው ከሰዓት መጣ። የልጅነት ጓደኛቸው አባ ከድር ከደሎ መና በሰው ስልክ ደወሉ። ሠላሳ ዓመት አልተያዩም። ዓርብ እዚህ ሮቤ ይመጣሉ፤ ብቻቸውን፣ ያለ ስልክ። አያቴ «ከጥዱ ሥር ጠብቀኝ» ብለው ዘጉ። ጥዱ የድሮው መናኸሪያ በር ላይ ነበር አሉ። መናኸሪያው እኔ ሳልወለድ ተዛውሯል። ጥዱም የለም።

ረቡዕ

መልሼ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ጥዱ የት እንደነበር ጠየቅኩ። አያቴ ባንኩ ጋ አሉ። ለአንድ ክረምት ንግድ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ ያረጁት ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ደግሞ መስጊዱ ጋ። በከዘራቸው መሬት ላይ ካርታ ሣሉ፤ አንዱ የሌላውን በጫማው አጠፋ። የተስማሙት ያኔ ከተማው ከተማ እንደነበር ብቻ ነው። ጭቃ፣ ጋሪ፣ ሁለት ሻይ ቤት። እሺ።

ማን ቆረጠው ስል አያቴ «የመንገድ ሠራተኞች» አሉ። ጋሽ ወልዴ ሳል ያዛቸው።

ሐሙስ

ዕቅድ፦ እኔ አዲሱ መናኸሪያ፣ አያቴ ባንኩ ጋ። ስም የተጻፈበት ካርቶን አዘጋጀሁ። አባ ከድር ማንበብ አይችሉም ለካ።

አያቴ ኮፍያቸውን ሁለቴ አጠቡ። «ያውቀኝ ይሆን?» አሉኝ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሦስት አውቶቡስ ገባ። የሉም። አንዱ ረዳት ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ ባጃጅ እምቢ ብለው፣ የድሮውን መናኸሪያ ጥድ እየጠየቁ በእግር መሄዳቸውን ነገረኝ። ሮጥኩ።

ባንኩ ሁለት በር አለው። አያቴ በፊቱ በር፣ አባ ከድር በጀርባው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተጠባብቀዋል። ጥበቃው እንዲነሱ ሲለምናቸው አባ ከድር «ሰው ቀጥሬያለሁ» ይላሉ። እጃቸውን ይዤ አዞርኳቸው።

ተያዩ። እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፣ «ነጋያ? ነጋያ?» እየተባባሉ፤ የሰላም ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ከዚያ አባ ከድር ወደ ላይ አዩ።

«ጥዱን ማን ቆረጠው?»

አያቴ ኮፍያቸውን አወለቁና «እኔ ነኝ። ያኔ የሱቄን በር ከለለብኝ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ከሥሩ ጠብቀኝ አልከኝ?»

«አንተ የምታውቀው ሌላ ምን ቀረ?»

አባ ከድር እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

አያቴ ባንኩ በር ላይ የሚተከል የጥድ ችግኝ ነገ እንድፈልግ አዘውኛል። ባንኩን የጠየቀ ግን የለም።