ከእህቴ መጽሐፍ ተቆርጠው ስለቀሩት ስድስት ወረቀቶች

ለቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት መርማሪ ኮሚቴ ክቡራን አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ የዓይናችሁ ብርሃን እንዳይደክም፣ ምላጭ የያዘው እጃችሁም እንዳይዝል እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የተቀበረችው የመጽሐፍ ጠራዧ ወንድም ነኝ ብል ታስታውሱኛላችሁ።

እህቴ በማተሚያ ቤት የሰው መጽሐፍ ስትጠርዝ ኖራ ለቤታችን የጠረዘችው አንድ ብቻ ነው፤ አያታችን የተወችልንን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ። በውስጡ እናንተ ከቅዱሳት መጻሕፍት ከምትቆጥሯቸው በላይ ጥቂት መጻሕፍት ይገኛሉ። በታመመችባቸው ወራት ከእነዚህ ትርፍ ከምትሏቸው አንዱን ደጋግማ ታነብ ነበር። በአንደኛው ገጽ ዳር ላይ በእርሳስ ለእኔ የሆነ ነገር ጻፈችና፣ «የቀብሬ ዕለት ይህን ገጽ አንተ ታነብልኛለህ፤ ዳሩ ላይ ያለውን ግን በሞቴ፣ እስከዚያ እንዳታይ» አለችኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄ አላየሁም። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ በቀብር ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ሁሉ በዋዜማው ለእናንተ ይቅረብ በሚለው ደንብ መሠረት አባቴ ከለቅሶ ተነሥቶ ይዞላችሁ ቢመጣ፣ በዚያው ከሰዓት መርምራችሁ ስለመለሳችሁልን እናመሰግናለን። ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት የኖሩትን ጉዳይ እናንተ ከምሳ በኋላ ጨርሳችሁታል።

ሁለተኛ፣ መቁረጣችሁን ስላልነገራችሁን እናመሰግናለን፤ ብትነግሩን እናዝን ነበር። መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ መጽሐፉን ስከፍት፣ ገጹ በነበረበት ቦታ ያገኘሁት የጣት ስፋት ያለው ጉራጅ ነው። ሰው ሁሉ ኀዘን አንደበቴን የዘጋው መሰለው። አክስቴ ከኋላዬ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ» ትለኝ ነበር። ቀስ ብዬ ምን ላንብብ?

ሦስተኛው ቅሬታ ከእኔ ይልቅ የእህቴን ሙያ የሚመለከት ነው። መጽሐፍ ሲጠረዝ ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ይሰፋል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ያለውን ግማሽ የቆረጠ ሰው በዚያ በኩል ያለውን ጓደኛውን ያላላዋል። ይህን ማንም ጠራዥ ያውቀዋል። እናንተ የማይቆጠረውን ስትቆርጡ የሚቆጠረው ወረቀት ላላና፣ እዚያው መቃብሩ ላይ ነፋስ ነቅሎት ሄደ፤ ክቡር ሰብሳቢያችሁም በሙሉ ልብሳቸው በመቃብሮቹ መሃል ሲያሳድዱት አየን። ለድካማቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው። እስካሁን አልተገኘም።

አራተኛ፣ ወረቀቶቹን ለመለመን ሦስት ጊዜ ከትምህርት ቤት ቀርቼ መጥቻለሁ። እጅግ ትሑት የሆኑት ጸሐፊያችሁ መሳቢያ ከፍተው አሳዩኝና፣ «አየህ ልጄ፣ ቅዱስ ስላልሆነ አይነበብም፤ ቅዱስ ሊሆን ስለሚችል ደግሞ ለማንም አይሰጥም» ብለው መልሰው ቆለፉት። የእርሳሱን ጽሑፍ ማንም ቅዱስ ነው አላለም ብላቸው፣ እሱን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው አሉኝ። ጉባኤው ኮሚቴውን ጠይቅ አለኝ። ኮሚቴው ደግሞ ሥልጣኑ የቀደሙት አባቶች ነው፣ እኛ ጠባቂዎች ብቻ ነን አለኝ። ከቤታችን እነሱን ሄዳ መጠየቅ የምትችለው እህቴ ብቻ ናት።

አምስተኛም ነበረኝ፤ እናቴ «ተው፣ ከትልቅ ሰው ጋር አትጋፋ» ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

ክቡራን ሆይ፣ የትኛው መጽሐፍ ከእግዚአብሔር እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ እኔ አላውቅም፤ በዚህም አልከራከራችሁም። ያነበበችውን አስቀሩት፤ የጻፈችውን ስጡኝ። እሱም ካልተቻለ ገልብጣችሁ ስጡኝ። መገልበጡም ከደንብ ውጭ ከሆነ፣ ስንት መስመር እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ።

ከእናንተም ከመሳቢያችሁም በታች ሆኜ፣ የምትወስኑልኝን ሁሉ ለመቀበል ሌላ ምርጫ የሌለኝ፣

ታዛዥ ልጃችሁ፣
የጠራዧ ወንድም

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ጸሐፊያችሁ ሊያጽናኑኝ ብለው፣ የእርሳሱ ጽሑፍ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ መነበቡንና የሁላችሁንም ልብ መንካቱን ነገሩኝ። «ደግ ነገር ነው የጻፈችልህ፣ አይዞህ» አሉኝ። እንግዲህ ዘጠኝ ሰው ያውቀዋል። እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።