በማለዳ የሰው ደጅ የማይረግጡት ወይዘሮ ጥሩዬ ገብረ ማርያም

ወይዘሮ ጥሩዬ ገብረ ማርያም ኅዳር 12 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ዕለት፣ በጋይንት ቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸውም ወለተ ሚካኤል ተባለ። አባታቸው መሪጌታ ገብረ ማርያም ተሰማ የድጓ መምህር ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ውባንቺ ዓለሙ የገብስና የባቄላ ማሳቸውን እያሳረሱ ቤቱን የሚያስተዳድሩ ብርቱ ሴት ነበሩ። ቤቱ ከየአገሩ በመጡ የቆሎ ተማሪዎች የተሞላ ስለነበር ወይዘሮ ጥሩዬ ብቻቸውን መብላትም ሆነ ብቻቸውን መቀመጥ ሳይለምዱ አደጉ። ይህ ጠባያቸው እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም። ቤት ውስጥ ሰው ካጡ ራዲዮናቸውን ይከፍቱና የሚናገረውን ሰው ሲሟገቱት ይውሉ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በነፋስ መውጫ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ታቦር ተከታትለው በ1971 ዓ.ም አጠናቀቁ። ከዚያም አዲስ አበባ ወርደው የስልክ ኦፕሬተርነት ሥልጠና ወሰዱና በጥር 1973 ዓ.ም በአርብ ገበያ የስልክ ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ከታች ጋይንት ወጥቶ የቀረ ልጅ፣ ባል ወይም ወንድም ድምፁ የሚሰማው በእሳቸው በኩል ብቻ ነበር። ገበያተኛው አህያውን ጣቢያው ግቢ አስሮ፣ ተራውን እየጠበቀ፣ ከእሳቸው ጋር ሲጫወት ይውላል። የማንን ልጅ ማን እንዳጨ፣ የማን ምጥ እንደ ጠና ሳይጠይቁ ይነገራቸው ነበር።

በዚያው መስመር ሌላም ወሬ ይመጣል። ዘመኑ ልጅ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድበት ነበር። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ከሩቅ የተደወለ ስልክ የአንድ ገበሬ ልጅ መሞቱን ነገራቸው። ደንቡ የጥሪ ወረቀት ጽፎ በመልእክተኛ መላክ ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ግን ይህን በወረቀት አልልክም ብለው ዘመድ ጎረቤቱን አሰባሰቡ፤ በማግሥቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄደው በራሳቸው አንደበት አረዱ። አነጋገራቸው ለስላሳ፣ ክንዳቸውም የወደቀን ሰው ደግፎ የሚይዝ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ በአርብ ገበያና በዙሪያዋ መርዶ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ አስቀድሞ ወደ እሳቸው ይመጣ ጀመር። ስልክ በየሰው ኪስ ከገባ በኋላም ይህ ልማድ አልቀረም።

በዚህ ምክንያት በከተማችን እጅግ የሚወደዱትም እጅግ የሚፈሩትም ሴት እሳቸው ሆኑ። አንድ ቀን በማለዳ ወንፊት ሊዋሱ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ ፋሲካ ቤት ጎራ ቢሉ፣ ወይዘሮ ፋሲካ ገና ሲያዩዋቸው ባለቤቴ ሞተ ብለው ጩኸታቸውን ለቀቁት፤ ወድቀውም ክንዳቸው ተሰበረ። ባለቤታቸው ከጓሮ ሮጠው ቢደርሱ የሚለቀሰው ለራሳቸው ሆኖ አገኙት። ይህ ነገር ለዓመታት ሲያስቀን ኖሯል። ወይዘሮ ጥሩዬ ግን ከዚያ በኋላ ለመርዶ ካልሆነ በቀር ፀሐይ ሳይሞቅ የማንንም ደጅ ረግጠው አያውቁም። ኪዳን ለማድረስ እንኳ ሲሄዱ የቤቶቹን በር ትተው በጓሮ በኩል ይዞሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን ከተማው የእሳቸው ነበር። በሠርግ ቀድመው እልል የሚሉ፣ አራስ ቤት ገንፎ ይዘው የሚገቡ፣ የተኳረፉ ጎረቤታሞችን አንድ ማዕድ ላይ አስቀምጠው ማን ቀድሞ እንደሚስቅ የሚጠብቁ እሳቸው ናቸው። ቡና ላይ ቀልድ ካልሰሙ ቡናው ቀጥኗል ይሉ ነበር። እናታችንን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሲሰማ ድምፃቸው ጆሮው ላይ እንደሚመጣበት እናምናለን።

በ1978 ዓ.ም የስማዳ ወገዳ ተወላጅ ከሆኑት ከመምህር ደሞዝ ይርዳው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሥርተው እንየውን፣ አማረችንና ልመንህን ወለዱ። መምህር ደሞዝ በ2006 ዓ.ም በሕመም አርፈዋል። ወይዘሮ ጥሩዬ አባታቸውንም፣ እናታቸውንም፣ ባለቤታቸውንም በእቅፋቸው ይዘው ነው ያሰናበቱት። ለስንቱ መርዶ ሲያረዱ የኖሩት ሴት ለራሳቸው አንድም ቀን መርዶ ተነግሯቸው አያውቅም። ይህንንም ራሳቸው እየሳቁ ያነሱት ነበር፤ «ኧረ እናንተዬ፣ የኔ ቀን ሲደርስ ማን ደፍሮ ሊነግረኝ ነው?» ይሉ ነበር። ሰውም አብሮ ይስቅና እሱን ቀን አያምጣብዎ ብሎ ወሬ ይቀይራል።

በ2012 ዓ.ም በጡረታ ተገለሉ። በ2016 ዓ.ም የልብ ሕመም ያዛቸውና ደብረ ታቦር ሕክምና ተከታተሉ። ሐኪሙም ድንገተኛ ድንጋጤ ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ለልጆቻቸው አስጠነቀቀ።

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም የመጨረሻ ልጃቸው ልመንህ ደሞዝ፣ በትራክተር ጥገና ይሠራበት በነበረው በመተማ ቆላ፣ በወባ ታሞ አረፈ። መንገዱ ስላልተመቸ እዚያው ተቀበረ። ያ ሲፈራ የነበረው ቀን መጣ፤ በአርብ ገበያም የሚነግር ሰው ጠፋ። ለእንዲህ ያለው ነገር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩና። ከእስቴ የመጣው እንየውና እህቱ አማረች፣ ከነፍስ አባታቸው ከመምሬ ይስሐቅ ጋር ተማክረው፣ እናታቸው እስኪበረቱ ድረስ እንዲደበቅ ወሰኑ። ፍትሐቱም በቤተ ልሔም በዝምታ ተደረሰ። ከተማው በሙሉ አንድ አፍ ሆነ።

ለምን አይደውልም ሲሉ የመተማ መስመር ተበላሽቷል ተባሉ። ዕድሜያቸውን በስልክ መስመር ላይ ለጨረሱ ሴት ይህ እንዴት እንደሚነገር ያሰበ አልነበረም። እሳቸው ግን «ይሁን፣ ቆላ ነው፣ ይበላሻል» አሉ እንጂ አልተከራከሩም። ሌላም የሳትነው ነገር ነበር። ጎረቤቱ ፊቱ እንዳያጋልጠው እየፈራ፣ ሲመጣ በቡድን እየመጣ፣ ሳቁን አብዝቶ፣ ቶሎ ተነሥቶ ይሄድ ጀመር። ያ ሰው የማይጠፋበት ቤት ጭር አለ። የልመንህን ስም የሚያነሣ አንድም ሰው ታጣ። እሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለውን ዝምታ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሊያረዱት በሚሄዱበት ቤት ዙሪያ ሁልጊዜ የሚሰማ ዝምታ ነውና። ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ልጄ ደወለ ወይ ማለትን ተዉ። እኛም ጸሎታችን ተሰማ ብለን፣ ረሱት ብለን፣ ደስ አለን።

ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን ወይዘሮ ጥሩዬ ከአልጋቸው ተነሥተው ዶሮ አሳረዱ። ማታ እንየውንና አማረችን ትሪው ዙሪያ አስቀምጠው፣ ወይዘሮ ፋሲካንም ጠርተው፣ ለልጆቻቸው እንደ ሕፃንነታቸው በእጃቸው አጎረሱ። ጠገብን ሲሉ «በሞቴ! ይችን ብቻ፣ የኔ ዓለም፣ በሞቴ!» እያሉ ጨመሩላቸው። አማረች እናታችን ዳኑልን ብላ ለዘመዶች ደወለች። ወይዘሮ ፋሲካ ግን ከማዕዱ ቀድመው ተነሡ፤ ፊታቸውም ደስ አይልም ነበር።

አርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም ጎሕ ሲቀድ አማረች እናቷን በሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ልብሳቸውን ለባብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከዘራቸውን አጠገባቸው አድርገው ነበር። ነፍሳቸው ግን ወጥታለች።

ለዓመታት በመርዶ መንገድ አብረዋቸው የሄዱት ወይዘሮ ፋሲካ ነገሩን ያስረዱን በዚያ ሰዓት ነው። ወይዘሮ ጥሩዬ መርዶ ሊነግሩ ሲሉ፣ የሚነገረው ሰው ለቅሶውን የሚችልበት አቅም እንዲኖረው፣ ዋዜማውን በደንብ እራት እንዲበላ አስቀድመው ያደርጉ ነበር። ሐሙስ ማታ ያንን እራት ለልጆቻቸው አበሉ። ልጃቸው መሞቱን ካወቁ ሰንብተዋል። ልጆቻቸው ለወንድማቸው እንኳ ሳያለቅሱ፣ በእሳቸው ፊት እየሳቁ መክረማቸውን አይተዋል። ስለዚህ በዚያ ማለዳ የተነሡት ማወቃቸውን ነግረው ልጆቻቸውን ከዝምታው ሊያወጡ ነበር። ልባቸው ግን ያን ያህል አልጠበቀቻቸውም።

ወይዘሮ ጥሩዬ የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ሆነው፣ በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ከስማዳ፣ ከእስቴና ከላይ ጋይንት ለእናታችን ቀብር የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ሁለት ልጆች የሚለውን ስትሰሙ የደነገጣችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ልመንህ የት አለ የምትሉ አላችሁ። ልመንህ ሞቷል። በዚህ ሕዝብ መካከል ይህን ልናሰማችሁ አልፈለግንም፤ ግን አሁን የሚነግርልን ሰው የለንም። የሰማችሁም ያልሰማችሁም፣ እስከ ዛሬ አፍናችሁ የያዛችሁት እንባ ይውጣ፤ ለእናትም ለልጅም አብራችሁን አልቅሱ።

የወለተ ሚካኤልንና የልጇን የልመንህን፣ በክርስትና ስሙ የኃይለ ኢየሱስን፣ ነፍስ እግዚአብሔር በአንድ ደጅ ይቀበልልን። ለእኛም ለቀረነው ጽናቱን ይስጠን፤ አሜን።