ከራስጌ በኩል የተሰበሰበ

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ደም ብዛቱስ እንዴት ይዞሻል? መድኃኒቱን ሳታዛንፊ ዋጪ፤ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ የምትዘዪው ቀን አለ፣ አውቅሻለሁ። እኔ በጤናዬ ምንም አልልም፤ እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል። አደራሽን፣ ይህን ደብዳቤ አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደለመድሽው ለጎረቤታችን ለጡረተኛው መምህር ወስደሽ አታስነብቢው። ለምን እንደሆነ ደብዳቤው ራሱ ይነግርሻል።

አባዬን ከቀበርነው ሁለት ወር ሊሞላው ነው። መሥሪያ ቤታችን የፊታችን ዓርብ መታሰቢያ ሊያደርግለት አስቧል። የሕይወት ታሪኩን እኔ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ልጁም ነኝ፣ ሰብስቦ የሚልከውን የደረቀ የዕፅዋት ናሙና በወረቀት ላይ ስለጥፍ የኖርኩትም እኔው ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ብቻውን ዞረ ብዬ ጀመርኩ። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ናሙና አመጣ። ሣር ላለመርገጥ ጠጠር እየመረጠ ይራመድ ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ የምትፈካ አበባ ልታመልጠኝ ነው ብሎ ከሠርጌ የቀረ ሰው ነው። እሱን አልጻፍኩትም፤ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሚያስፈራው ነገር የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ቀብሩ በዋለ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጥቅል መጣ። እንደ ድሮው በአውቶቡስ ተልኮ፣ እንደ ድሮው በሲባጎ ታስሮ፣ በአባዬ ጽሕፈት። ቁጥሩም እሱ ካቆመበት የሚቀጥለው ነው፣ 9601። ሳይሞት የላከው መንገድ ላይ ቆይቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ ዘበኛው እኔ በእጄ አልነካም ብሎ በእግሩ እየገፋ ቢሮ ድረስ አስገባልኝ። ሳቅሁበት።

ናሙና የሚደርቀው በአሮጌ ጋዜጣ መሃል አይደል? ሦስቱንም ጥቅሎች ፈትቼ የመጀመሪያውን ጋዜጣ ስገልጥ ከአበባው ሥር የአባዬ ፎቶ ቀና ብሎ አየኝ። የራሱ የሞት ማስታወቂያ ነበር። ጋዜጣውን መልሼ ከደንኩት። ከየናሙናው ጋር የሚመጣውን መለያ ወረቀት ሳነብ ደግሞ ባሰብኝ። 9601 ላይ «ከወንዙ ማዶ» ይላል። 9605 ላይ «ከመንገዱ ዳር»። 9610 ላይ «ከመቃብር ቦታው አጥር ሥር»። የመጨረሻዋ 9612 ናት። «አዲስ ከተቆፈረ አፈር ላይ፣ ከራስጌ በኩል። ሦስት ቅጠል ያወጣች። ገና አላበበችም።»

እማ፣ ብድግ ብዬ የክፍሉን መብራት ሁሉ አበራሁ። ውጪ እኮ ጠራራ ፀሐይ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣ። ሰውዬው ከተቀበረ በኋላ በስሙ ናሙና ከመጣ አንድ ቀጣፊ አለ ማለት ነው፣ የአሁኑ ሐሰት ከሆነ የድሮውም አይታመንም አለኝ። እስከ ዓርብ ማስረጃ ካላመጣሁ የአባዬን ወረቀቶች በሙሉ ከመደርደሪያ አስወርዶ በካርቶን ሊያሳሽጋቸው ነው። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ልፋት ምድር ቤት ሊጣል! ተንገበገብኩ። ለመታሰቢያውስ ምን አፍ ይዤ እቆማለሁ?

ትናንት 9612ን ልለጥፍ ስል ከሥሯ ጋር የተጠላለፈ አንድ ፀጉር አገኘሁ። ረጅም፣ ነጭ፣ ከጉንጉን እንደተፈታ ጥምዝምዝ ያለ። አባዬ ደግሞ ከጆሮው በላይ አንዲት ፀጉር እንዳልነበረው አንቺው ነሽ ስትቀልጂበት የኖርሽው። የድሮ መደርደሪያዎችን መፈተሽ ጀመርኩ። በተወለድኩበት ዓመት የመጣችው ቁጥር 212 ላይ እንደዚያው ረጅም ፀጉር አለ፤ እሱ ግን ጥቁር ነው። አራት ሺህዎቹ ላይ ገብስማ ሆኗል። ስምንት ሺህ ላይ ከነጩ ውስጥ ጥቁሩ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ የአንቺ ጉንጉን ትዝ አለኝ።

ከዚያ የአባዬን ቀኝ እጅ አሰብኩ። ይህን ሥራ ሳይጀምር ከጦርነት ሲመለስ ይዞት የመጣውን፣ ብርጭቆ ለማንሳት እንኳ የግራውን እርዳታ የሚፈልገውን እጅ። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዴት አድርጎ ቀጥ ያለ ፊደል ይጽፋል ብዬ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ሞኝ ነኝ! ለእኔ የምትልኩት ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ጽሕፈት «እናትሽ ማንበብ ባትችልም ሰላም ብላሻለች» ብሎ ነበር የሚያልቀው። ይህ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ለልጅ እንኳ አይነገርም ብዬ ተናደድኩብሽ። እጁ እንደማይጽፍ ቢታወቅ በማግስቱ ከሥራ ይባረር እንደነበር ሳስብ ግን ንዴቴ በረደ።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ማስረጃሽ የታለ ብሎ አፈጠጠብኝ። ከቁጥር አንድ ጀምሮ እስከ 9612 ድረስ የጻፈው ያው አንድ እጅ ነው፣ ካላመንከኝ አስተያይ አልኩት። አጉሊ መነጽሩን ይዞ እስከ ምሳ ሰዓት አስተያየ። ሲጨርስ ፊቱ አመድ መስሏል። አንዲት ጥያቄ ሳይጨምር ይመዝገቡ ብሎ ፈረመ። በሩን ስዘጋ መስኮቱን ሲቆልፍ ሰማሁት። የሙት መንፈስ መስሎት ነው፤ እኔ ግን አልዋሸሁም።

ከሕይወት ታሪኩ ላይ «ብቻውን» የሚለውን ቃል ሰርዤዋለሁ። በምን እንደምተካው አንቺን ሳልጠይቅ አልወስንም። ዓርብ ነዪ፤ ከፊት ወንበር ይዤልሻለሁ።

ከራስጌው የቀሩትን እስኪያብቡ ተያቸው፣ አትቸኩዪባቸው። ዝናቡ በርትቷል አሉ፤ አፈሩ ላይ ስትንበረከኪ ወፍራም ነገር አንጥፊበት፣ ጉልበትሽን ብርድ እንዳይገባው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ እጅሽን ይባርክልኝ።

ያንን እጅ የምትስመው
ልጅሽ