ማንቺ ከሚካኤል ገበያ ተመለሰች

ማንቺ አልተሸጠችም። ወንድሜ፣ ሰላምታውን ዘልዬ በዚህ የጀመርኩት አላስችል ብሎኝ ነው፤ የአባዬ ፈረስ ይኸው ከሚካኤል ገበያ በገዛ እግሯ ተመልሳ ጋጣዋ ውስጥ ድርቆሿን እያኘከች ናት።

አሁን ወደ ወጉ ልግባ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል፣ ገርገይ? ጀርባህን ተሻለህ? ኡርሱላ ደህና ናት? ልጆቹስ፣ የሃምቡርግ ብርድ ካሁኑ ጀመራቸው እንዴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ይህ ደህና ከተባለ። ዝናቡ ሰሞኑን አላባራ ብሎ በቆሎው እርሻ ላይ እየበሰበሰ ነው፤ ባሌ ላዮሽም ሰማዩን እያየ ከመሳደብ በቀር ሥራ የለውም። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ስልኩ ያለው አባዬ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ከአጠገቡ ፈቀቅ አይልም።

እማዬን ከቀበርን ወዲህ አባዬ ምን እንደሆነ አላየህም። ያን ቀን የባቡርህ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ አልወቅስህም። ከተማ ያለው የአረጋውያን ማረፊያ ሊገባ ቦታ አስይዟል። እኛ ጋ ና ስንለው «የሰው ምድጃ አልሞቅም» ይላል። የቀረችው ማንቺ ብቻ ናት፤ «እሷን ለደህና ሰው ባስረከብኩ ማግስት ቤቱን ዘግቼ እገባለሁ» ብሎ ቁርጡን ነገረን። ስለዚህ ባለፈው እሑድ አብሬው ወደ ዓመታዊው የሚካኤል ገበያ ስወጣ አባዬን ራሱን ልሸኝ የምሄድ ነው የመሰለኝ።

ገበያውን ብታየው አታውቀውም። ድሮ ፈረሶቹ ከግራሮቹ እስከ ወንዙ ይሰለፉበት በነበረው ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ባልዲና የሸራ ጫማ ተዘርግቷል። ከብት ይዘው የመጡት አንድ ጥግ ጭቃ ውስጥ ተኮልኩለዋል፤ ከከብቱ ሽማግሌው ይበዛል። የማር ዳቦ ሻጯ እንደየዓመቱ በልብ ቅርጽ የተጋገረውን ትልቁን ቀይ ዳቦ አንስታ «ለእመቤትዮዋ ነው አይደል፣ ጋሼ ባሊንት?» አለችው። የእማዬን ሞት አልሰማችም ለካ። አባዬ ከፍሎ ኮቱ ውስጥ ከተተው። እኔ ወደ በጎቹ ዞሬ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ገዢው ዴዦ የሚባል የፈረስ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። የማንቺን ሰኮና አነሳ፣ አፏን ከፍቶ አየና «ይቺማ ከኔ አያት ጋር ነው የተወለደችው» አለ። አባዬም «የሷን ጥርስ ተወውና የቀረህን ቁጠር» አለው። የከበበው ሰው ሳቀ፤ አባዬ ሲመልስ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። እየተጨቃጨቁ መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ ቆይተው በመጨረሻ አባዬ በዋጋው ተስማምቶ መዳፉን ጷ አድርጎ መታው። አለቀ፣ ተሸጠች አልኩ በልቤ።

ከዚያ ድንኳን ገብተን የምርቃቱ ጽዋ መጣ። ሻጭና ገዢ እኩል ካልጠጡ ፈረስ ከጌታው እጅ እንደማይወጣ ታውቃለህ። ዴዦ የፕሪም አረቄውን ቀድቶ ሲያቀብለው የአባዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። በእማዬ የሬሳ ሳጥን ላይ እጁን ጭኖ፣ ዓመቷ ሳይወጣ አረቄ እንደማይቀምስ ሲምል አንተም ሰምተኸዋል። መዳፉን ሲመታ ጨርሶ ረስቶት ነበር።

«ከንፈርህን ብቻ አርጥብ፣ እሷ እንደሆነ ከእንግዲህ አፍህን አታሸትህም» አለ አንዱ። «ዝም በል፣ መሐላ ነው» አለው ሌላው። ዴዦም «በደረቁ የወሰዱት ፈረስ ያነክሳል፣ እኔ እንደዛ አልወስድም፤ በሉ ልጅየዋ ትጠጣለት፣ ደሙ አይደለች?» ብሎ ብርጭቆውን እጄ ላይ አኖረው።

እኔ እንደምታውቀኝ ለብርጭቆ እምቢ ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩትና «የመታው እጅ ያንሳው» አልኩ። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ ንዴት ይሁን ሌላ ነገር እስካሁን አልገባኝም። ዴዦ ጠርሙሱን ከደነና «ይሁን ጋሼ፣ ዓመቷ የወጣ ዕለት ይችኑ ጠርሙስ ይዤ ቤትህ ድረስ እመጣለሁ፤ ያኔ ከንፈርህ ነጻ ነው» ብሎ ሄደ።

ደስታዬ እንግዲህ ይህችው ናት፤ እስከዚያ አባዬ ቤቱን አይዘጋም። ከዚያ ወዲህ አባዬ አያናግረኝም። ሾርባ ስወስድለት ሳህኑን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ላዮሽ «በሰው ገበያ ምን ጥልቅ አደረገሽ?» ይለኛል። ይበለኝ። እኔ ድንች እየላጥኩም እዘፍናለሁ።

ኡርሱላን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ማቲያስን አክስትህ የፈረስ ግልቢያ ታስተምርሃለች በለው፤ ትንሿ ሊናንም እቀፍልኝ። ላዮሽ ሰላም ብሎሃል፤ ልጄ ሻሮልታም አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ነው።

ዴዦ ቃሉን አያጥፍም፣ ይመጣል። እኔ የምለው፣ ከሱ ጠርሙስ በፊት ያንተ ይቀዳ። አባዬ ከዓመት ሐዘን በኋላ የሚያነሳት የመጀመሪያዋ ብርጭቆ የቤተሰቡ ትሁን፤ ልጆቹ ማንቺ ላይ ተቀምጠው ግቢውን ይዙሩ፣ ቤቱ በሰው ይሙላ። ከዚያ ወዲያም ልሽጥ ካለ ይሽጥ፣ ማረፊያውም ልግባ ካለ ይግባ፤ ከነጋዴ ጋር ብቻውን ግን አይጠጣም። ዝዩን እያደለብኩ ነው፣ አዲሱ ወይን ጠጅም በርሜል ገብቷል። ሁላችሁም፣ አንድ ሰው ሳይቀር፣ የእማዬ ዓመት በሚወጣበት በቅዱስ ማርቲን ዕለት፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 11፣ ገና ሳይረፍድ እዚህ ሁኑ።

እህትህ ፒሮሽካ
ቲሳኬሬስት፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1997