«መስኮት ክፈቱ» የምትለውን ቃል ለቆረጡልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ዑራኤል ሀብተወልድ
የጥቅሻ ዲጂታል ማርኬቲንግ ሥራ አስኪያጅ
መገናኛ

እጅግ የማከብርዎ አቶ ዑራኤል፤

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎስ፣ ሠራተኞችዎስ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት እነዚያ ትልልቅ ስክሪኖችስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እተነፍሳለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከነሐሴ ወዲህ በቤተሰባችን ውስጥ መተንፈስ እንደ ቀላል ነገር መታየቱ ስለቀረ ነው።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ የምጽፍልዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው። ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ የዛሬ ሰው ሦስት ሰከንድ ውስጥ ካልተያዘ በአውራ ጣቱ ገፍቶ እንደሚሄድ አስተምረውኛል፤ ይህች ደብዳቤ ግን ከሦስት ሰከንድ ትረዝማለች። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ስለጨረስሁ አሳጥሮ መጻፍን አልተማርሁም። እዚያ ቤት ከመዝገብ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትጎድል የሚጠየቅ ሰው ነበር።

ታናሽ እህቴን ዘቢደር ወልደ ኢየሱስን አያውቋትም፤ እርሷ ግን ሥራዎን ታውቅ ነበር። መገናኛ በአንዲት የኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከሀሴት ጋር የምትኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ በእትዬ የማርያምወርቅ ግቢ ውስጥ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ነው። ያ ሰፈር በክረምት እንዴት እንደሚበርድ ለእርስዎ ለሲ.ኤም.ሲ ነዋሪ ማስረዳት ይከብደኛል፤ ጉሙ ከተራራው ይወርድና በር ላይ ይቆማል፣ የታጠበ ልብስም ሳይደርቅ ይሸታል።

ዘቢደር ደግሞ ከሰል የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ሀሴት አስም አለባት። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው፤ ጭሱ ጨርሶ ሳይጠፋና ፍሙ ሳይቀላ ቤት አይገባም፤ ከገባም በኋላ በሩ ገርበብ ይላል። ጎረቤት ቤቱን ዘግቶ ከሰል ሲያነድ ካየች አንኳኩታ ትቆጣ ነበር። «ኧረ ክፈቱት! ጭስ እኮ ሰው ይገድላል!» ትላለች። ይህን ልብ ይበሉልኝ አቶ ዑራኤል። እህቴ የምታምነው የሚገድለው ጭሱ መሆኑን ነበር።

ሐምሌ ላይ ማስታወቂያዎ መጣ። ዘቢደር ስትሰፋ ስልኳን ከማሽኑ ጎን ታቆመው ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሳታየው አልቀረችም። አንድ እሑድ እኔ ቤት መጥታ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው» ብላ አሳየችኝ። ነጭ ልብስ የለበሰች ቆንጆ ልጅ እጇን «ሙቄ» በተባለው ምድጃ ላይ ዘርግታ፣ ከኋላዋ መስኮቱን ዝናብ እየመታው፣ «ጭስ የለ! ሽታ የለ! ብርድ የለ!» ትላለች። ከዚያ ስልክ ቁጥር ይመጣል፣ ያልቃል። ስድስት ሰከንድ ነው።

«ጭስ የለውም እኮ ነው የሚሉት» አለችኝ፤ «ለሀሴት ደረት እኮ ነው።» በማግስቱ ምድጃውን አብሮት ከሚሸጠው የታመቀ ከሰል ጋር ገዛችው።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን እናትና ልጅ እንጦጦ አስቀድሰው ከቀትር በኋላ ሲመለሱ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸው። ቤት ሲገቡ ርሰዋል፤ ልብሳቸውን ቀይረው ሙቄን ለኮሱት። ጭስ አልነበረውም። ሽታም አልነበረውም። በዚህ ረገድ ማስታወቂያዎ አንድም ውሸት እንደሌለበት በአደባባይ እመሰክርልዎታለሁ። ዝናቡ በነፋስ እየተገፋ ስለሚገባ መስኮቱን ዘጉ፣ በሩን ቀረቀሩ፣ እስኪሞቃቸው ጋደም አሉ።

እትዬ የማርያምወርቅ የተሰጣ ልብስ አይታ ከደጅ ተጣራች። «ዘቢደር! ኧረ ልብስሽ በሰበሰ!» የሚመልስ የለም። ደግማ ተጣራች፣ በሩን መታች፣ በመጨረሻ ተከራዮቹን ጠርታ በሩን አስገነጠለችው። እኔ ስደርስ ዘቢደር አልጋዋ ላይ ነበረች። ጉንጯ ቀልቶ፣ ከወትሮው ይልቅ ያማረባት፣ ጥሩ እንቅልፍ የወሰዳት ሰው ትመስል ነበር። ሀሴት ከበሩ ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ስለተኛች በበሩ ክፍተት የምትገባው ቀጭን ነፋስ አቆየቻት። እናቷን ቀበርን፤ እርሷን ሐኪም ቤት አስተኛን።

ሐኪሙ እንደነገረን የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ከፍሙ የሚወጣ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛም አየር ነው። ሀሴት ስትነቃ ያለችኝ የመጀመሪያ ነገር «አጎቴ፣ ጭስ እኮ አልነበረም» የሚል ነው። ቀጥላ ሌላ ነገር ልትል አስባ ቃሉ ጠፋባት። እስከ ዛሬም ቃል ይጠፋባታል፤ ብዕር ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል።

በሠልስቱ ዕለት አንዲት ወጣት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ድንኳኑ ገባች። ሴቶቹ ወዲያው አወቋት። «ያቺ የማስታወቂያዋ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ተባለ፤ አንዷ ልታስወጣት ተነሣች፣ እኔ ከለከልሁ። ስሟ ሰላማዊት እንደሆነ ነግራኝ አጠገቤ ተቀመጠች። አለቀሰች። ከዚያ «አባባ፣ እኔ እኮ ብዬው ነበር» አለችኝ።

መጀመሪያ የተቀረጸው ማስታወቂያ ረጅም እንደነበረ የነገረችኝ እርሷ ናት። የምድጃው ፋብሪካ ባለሙያ ቆሞ ያስጠናትን ቃል እዚያው ድንኳን ውስጥ በቃሏ አለችልኝ፦ «ጭስ ባይኖረውም በተዘጋ ቤት ውስጥ አትጠቀሙበት፤ መስኮት ክፈቱ።» ውጭ ውሻ እየጮኸ ስላስቸገረ ይህችኑ ቃል ደጋግማ ብላት ነበር። ማስታወቂያው ወጥቶ ስታየው ግን የለችም። «ለምን ቆረጣችሁት ብዬ ስጠይቅ፣ እዚያ ላይ ሲደርስ ሰው ከቪዲዮው ይወጣል አሉኝ» አለች።

ሰው በእርግጥ ወጥቷል፤ በአራት ሰው ትከሻ።

እንግዲህ ይህን ሰምቼ ነው ቢሮዎ የመጣሁት፤ ለተደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በሥራ ቤቴ ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አቀባበልዎ። ከወንበርዎ ተነሥተው «ነፍስ ይማር» ብለውኛል፤ ስልክዎም በጠራ ቁጥር ይቅርታ እየጠየቁኝ አንሥተዋል። ከዚያ ረጅሙን ማስታወቂያ ለሙከራ ያሳያችኋቸው ሰዎች ቁጥር እንደ ተራራ ቁልቁለት የሚወርድበትን መስመር ስክሪኑ ላይ አሳይተው፣ «ጋሽ ልደቱ፣ ይኸውልዎ፤ 'መስኮት ክፈቱ' ስትል ነው ሰዉ ሁሉ የወደቀው» አሉኝ። እኔ ሰው የወደቀበትን ቦታ የማውቀው በእትዬ የማርያምወርቅ ግቢ ብቻ ስለነበር፣ በመስመር ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ድሮ ሰው አንድ ማስታወቂያ ጀምሮ ይጨርስ እንደነበር፣ ቀስ በቀስ ትዕግሥቱ እያጠረ መሄዱን፣ እናንተም አብራችሁ ለማጠር መገደዳችሁን በኀዘን አስረድተውኛል። ያኔ አሳዛኙ ሰው እርስዎ እንጂ እኔ አልመስልም ነበር።

ሁለተኛ፤ ቃሏ ጨርሳ እንዳልተጣለች ስላረጋገጡልኝ። «ጽሑፉ ላይ አለች እኮ!» ብለው ስልክዎን ሰጡኝ። ከቪዲዮው ሥር «ተጨማሪ» የሚለውን ነካሁ፤ ስልክ ቁጥሮቹን፣ ዕቃ የሚደርስባቸውን ሰፈሮች፣ ሃሽታግ የሚሉት የመሰላል ምልክት ያለበትን ያን ሁሉ ቃል አለፍሁ፤ በእርግጥም ከታች ተቀምጣለች። ጉዳዩን ያመለከትሁበት የንግድ ጽሕፈት ቤትም ማስጠንቀቂያው በካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ የሚያስጠይቅ ነገር እንደሌለ አስታውቆኛል። ስለዚህ ጥፋቱ፣ እግሯ ፔዳል ላይ፣ እጇ ጨርቅ ላይ ሆኖ፣ ስልኳን ሳትነካ የምታየው የዘቢደር መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፤ ቃሏን ከመጀመሪያው ላይ እንዲያስገቡልኝ በለመንሁዎት ጊዜ ስለሰጡኝ ትምህርት። «መጀመሪያ ላይ ካስገባናት ሰው አደገኛ ነው ብሎ ምድጃውን ያልፈዋል» አሉኝ። እውነትዎን ነው። እህቴም ምድጃውን አልፋው ቢሆን ኖሮ ባላለፈች ነበር።

አራተኛው በቁጥር ውስጥ መግባቱን እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ። ልሄድ ተነሥቼ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። «ጋሽ ልደቱ፣ ቆይ አንዴ!» ብለው ጠሩኝ። ፊትዎ በርቶ ነበር። «ልጅቷ ተርፋለች አይደል? ካሜራ ፊት ቀርባ 'እናቴ መስኮት አልከፈተችም' ብትል፣ በቃ፣ ሁሉም ሰው ቆሞ ያያል! ከዚያ አዲሱን ምድጃ፣ ጭስ ማውጫ ያለውን እናሳያለን። ለእናንተም መጽናኛ ይሆናል፣ ለሕዝቡም ትምህርት።»

ክፋት አላየሁብዎትም አቶ ዑራኤል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ተቆጥቼ እወጣ ነበር። እርስዎ ግን ከልብዎ እየረዱኝ ነበር። እውነቱን ብቻ ነገርሁዎት። «ልጅቷ አሁን ዐረፍተ ነገር መጨረስ ይቸግራታል» አልሁ።

«ችግር የለውም፤ እናሳጥረዋለን» አሉኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም። መገናኛ ታክሲ ተራው ጋር ስደርስ ረዳቱ «ፈረንሳይ ነዎት አባባ? ይግቡ እንጂ!» እያለ ይጠራኛል፤ እኔ ግን ቆሜአለሁ። በዙሪያዬ ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አውራ ጣቱን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ያልፋል፣ ያልፋል፣ ያልፋል። ከመካከላቸው አንዱን ትከሻውን ይዤ ስለ ዘቢደር ልነግረው ፈልጌ ነበር። ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። በሦስት ሰከንድ ውስጥ እርሷን ማስተዋወቅ እንኳ አልችልም።

ለአርባዋ ሰሞን ማስታወቂያውን ለጥቂት ቀናት ማንሣትዎን ሰምቻለሁ፤ ስለ ክብሯ ከሆነ እጅ እነሣለሁ። የጥቅምት ብርድ ሲጀምር በአዲስ ሙዚቃና በሌላ ልጅ ተመልሶ ወጥቷል፤ አሁን ይበልጥ አጥሯል፤ «ብርድ የለ!» የምትለዋ ብቻ ናት የቀረችው። ሰላማዊት ከእናንተ ጋር መሥራት ትታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እየመጣች ሀሴትን ታስነብባታለች። ሀሴት መሐል ላይ ቃል ሲጠፋባት ሰላማዊት አትነግራትም፣ አትቸኩልም፣ ወደ ስልኳም አታይም፤ ልጅቷ እስክታገኘው ድረስ ዝም ብላ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ብዙ ይቆያል። ባለፈው ሳምንት ሀሴት አንድ አንቀጽ ጨረሰች፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚህ በላይ አላደክምዎትም። ዕድሜና ጤና፣ ተከታይና ተመልካች እንዲያበዛልዎ፣ የሚያዩት ሁሉ ቆሞ እንዲያይዎ፣ የሚወዷቸውም ሁሉ ጋደም ካሉበት በሰላም እንዲነሡልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጥልቅ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
ልደቱ ወልደ ኢየሱስ
ጡረተኛ፤ ከየካ ክፍለ ከተማ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ዘቢደር ትኖርበት የነበረችውን ክፍል ኢፍቱ የምትባል፣ ከአርሲ የመጣች፣ አራስ ልጅ የታቀፈች ወጣት ተከራይታዋለች። የእህቴን የስፌት ማሽን ላወጣ ሄጄ ዕቃዋን ስታስገባ አገኘኋት፤ ከዕቃዋ መካከል አንድ ሙቄ ምድጃ ነበረ። ነገርኋት። «አባባ፣ ማስታወቂያው ላይ እኮ እንዲህ አይልም» ብላ በትሕትና ተከራከረችኝ፤ እኔም መስኮቱን እስክትከፍት ድረስ ከደጃፏ አልተነቃነቅሁም። ከዚያ ወዲህ ብርድ በጠና ቁጥር ብርድ ልብሴን ደርቤ እወርድና የመስኮቷን መስታወት እመታለሁ። እንደሰለቸኋት አውቃለሁ፤ ከግቢው በር ስገባ ስታየኝ ራሷ መክፈት ጀምራለች። በዚህ ዕድሜዬ እኔ የምደርሰው ለአንድ መስኮት ነው፤ የቀረውን የአዲስ አበባን መስኮት በታላቅ ትሕትና ለእርስዎ ትቻለሁ።