ጠንካራ ጎኑ ወረቀቱ ነው

አሰብ፣ ሰኔ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለእቴናት
ደሴ

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከአሰብ ሙቀትና ከፎቶግራፍ ክበባችን አባላት በስተቀር ደህና ነኝ። ሙቀቱ በጥቅምት ይቀንሳል፤ አባላቱ ግን ተስፋ የላቸውም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ከአንቺ ሌላ ሰው እንዲያነበው ስለማልፈልግ ነው። ለሹፌሩ ለአበጀ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። አበጀ ባለፈው ደሴ ሲያድር እናትሽን አይቷቸው ነበር፤ አንድ ቁና ሽንብራ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ። እናቴን ላስታምም ብለሽ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሆነ። ስለ ዳኑ ደስ ብሎኛል፤ ሌላ ምንም አልልም። የላክሽልኝ የመጨረሻ ደብዳቤ ላይ ስሜን በእሳቱ «ሳ» ጽፈሽው ስለነበር በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼልሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልደረሰኝም። የፖስታ ችግር ይመስለኛል።

አንቺ ሳለሽ ክበቡ ስድስት ሰው ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ደርሷል። ዜኒት ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነኝ እያለ ይመጣል። የክሬን ኦፕሬተሩ በቀለ ዓመቱን ሙሉ ያመጣልን የጀንበር መጥለቂያ ብቻ ነው። አሰብ ላይ ፀሐይ ከባሕር ትወጣለች እንጂ ባሕር ውስጥ እንደማትጠልቅ አንቺም ታውቂያለሽ። እሱ ግን የማለዳዋን አንሥቶ «መጥለቂያ» ብሎ ይጽፍባታል። እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል።

ሊቀ መንበራችን ፍቃዱ ደግሞ ከአንድ ሴሚናር «ገንቢ ሂስ» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ፎቶዎቹ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላሉ። እየተነሣን መጀመሪያ ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን፣ በመጨረሻ የወደፊት አቅጣጫ እንናገራለን። የወደቧ ታይፒስት ዘውድነሽ አንድ ቃል ሳታስቀር ትጽፋለች፤ ሰው ቢያስነጥስም የምትጽፍ ይመስለኛል። በማግስቱ በሦስት ኮፒ ትተይበዋለች። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ሦስተኛው የት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እኔ ደካማ ጎን ለመናገር ተቸግሬ አላውቅም፤ የሚያስቸግረኝ ጠንካራው ነው። የበቀለ አሥረኛ ጀንበር ስትሰቀል ፍቃዱ «ጓድ ሣህሉ፣ መጀመሪያ ጠንካራ ጎን» አለኝ። «ጠንካራ ጎኑ ወረቀቱ ነው» አልሁ። ሰው ሳቀ፤ ዘውድነሽ ሳትስቅ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ የሁሉም ፎቶ ጠንካራ ጎን በእኔ በኩል ወረቀቱ ሆነ።

ባለፈው ዓመት ወልዴ የሚባል የወደብ ሚዛን ጸሐፊ ገባ። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ የሚራመድ ዓይነት ሰው ነው። መጀመሪያ ያመጣቸው ፎቶዎች ላይ ያሉት ሰዎች ጭንቅላት አልነበራቸውም። ፊልሙን የሚያጥበው በቧንቧ ውሃ ነበር፤ የአሰብ ቧንቧ ደግሞ በክረምቱ ወራት ሻይ ይወጣዋል። «ወልዴ፣ ፊልም ነው ወይስ ባቄላ የምትቀቅለው?» አልሁት። «ከዓሣ ነጋዴዎቹ በረዶ ወስደህ አቀዝቅዘው። ሰው ስታነሣም ጭንቅላቱን አትርሳ፤ አንዳንዱ ይጠቀምበታል።» አቀርቅሮ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ስድብ የሚጽፍብኝ መስሎኝ ነበር።

ግንቦት 23 ቀን፣ ሐሙስ፣ ይኸው ወልዴ አንድ ፎቶ ሰቀለ። ሚስቱ ሙሉአለም ግቢያቸው ውስጥ እግሯን ስትታጠብ ያነሣት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሡ አመሰገኑ፤ በቀለ እንኳ «ይሄስ ሌላ ነው» አለ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ተነሥቼ ፊት ለፊቱ ቆምሁ። አድማሱን አየሁ፣ ቀጥ ብሏል። ጥቁሩን አየሁ፣ ጥቁር ነው። ጭንቅላቷም አለ። ሰዉ እየጠበቀኝ ነው። እንደ ሌላው «ጥሩ ነው» ብዬ መቀመጥ እችል ነበር፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ አልችልም። አጉሊ መነጽሬን አውጥቼ ጥግ ጥጉን ስፈልግ ከአጥሩ ባሻገር የጤፍ ፍሬ የምታክል መርከብ አገኘሁ።

«ጓድ ወልዴ የጀርባውን ነገር አላጸዳም» አልሁ። «እዚህ ላይ መርከብ አለ። እንዲያውም ስሟ ይነበባል።» ስሟን ጠራሁት። «በሸራ የተሸፈነ ጭነት ሲወርድም ይታያል» ብዬ ጨመርሁበት።

ማንም አልሳቀም። ዘውድነሽ ብቻ ቀና ብላ «ጋሼ፣ የመርከቧ ስም በየትኛው "ሰ" ነው? በንጉሡ ነው በእሳቱ?» ብላ ጠየቀችኝ። በእሳቱ ነው ብዬ አስተካክዬ አስጻፍኋት።

ሰኞ ጠዋት ወልዴን ከሚዛኑ ቤት ወሰዱት። የወደቡን ፎቶ ማንሣት እንደማይፈቀድ ታውቂያለሽ፤ በሸራ የተሸፈነ ጭነት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ካሜራው፣ ፎቶው፣ ኔጋቲቩ አብረው ሄዱ። ፍቃዱ ወልዴ የሚባል ሰው በደንብ እንደማያውቅ ለሁሉም መንገር ጀመረ። የገዛ ክበቡን አባል፣ አስቢው። እኔም ሥራ ውዬ ቤቴ እገባ ነበር። ዕቃ ሳጥብ እናትሽ ድሮ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ያሉኝ ትዝ ይለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ተረቱን የማያውቅ ሰው አደረጉኝ ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሙሉአለም ቤቴ ደጃፍ መጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ጋሼ ሣህሉ፣ እርስዎ የተናገሩት ነው ይላሉ» አለችኝ።

«በሂስ ስብሰባ ላይ የተባለ ነው» አልኋት። እንዲህ ያለ መልስ ከፍቃዱ አፍ ብሰማ ዓመት እስቅበት ነበር።

«እሱ እርስዎን አይጠላም። ይህን ደብተር እንዳይወስዱት ሌማት ውስጥ ደብቄው ነበር። ምናልባት ይጠቅመው እንደሆነ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

ደብተሩን ገለጥሁት። ዓመት ሙሉ የተናገርሁት ሁሉ በቀን በቀኑ ተጽፏል። «ጋሼ ሣህሉ፦ በረዶ።» «ጋሼ ሣህሉ፦ ጭንቅላት።» «ጋሼ ሣህሉ፦ ሰው ሲስቅ አትጠብቅ፤ ሊስቅ ሲል ያዘው።» ይህን የመጨረሻውን ማለቴን እንኳ ረስቼው ነበር። የኔን ስድብ እንደ ትምህርት ይዞ ቤቱ የሚያጠና ሰው ምን ይባላል? ስሜን በንጉሡ «ሣ» ነው የጻፈው፤ ሁሉም ቦታ።

እቴናት፣ የመርከቧ ስም አይነበብም ነበር። የእድፍ ነጥብ ነበረች፤ ሸራም ጭነትም አይታይባትም። ስሟን ያወቅሁት ያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራዬ፣ ወደ ነዳጅ ማጣሪያው ስሄድ ወደቡ ላይ ቆማ ስላየኋት ነው።

በማግስቱ ወልዴ ወደታሰረበት የደኅንነት ቢሮ ሄድሁ። አንድ መቶ አለቃ ተቀበለኝ፤ ወልዴንም አስመጣው። ጢሙ አድጎ፣ ያለ ቀበቶ፣ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሰላም ሊለኝ ብድግ ሲል ተቀመጥ አሉት።

«ጓድ መቶ አለቃ» አልሁ፣ «ይህ ሰው ሰላይ ከሆነ ለላኩት ጠላቶች አዝናለሁ። ጭንቅላት የሌለው ሰው ካልሆነ በቀር አንሥቶ አያውቅም። ፊልም ይቀቅላል። መርከብ አንሣ ቢሉት ዓሣ ነው የሚያነሣው።» ስለ ባቄላው፣ ስለ ጭንቅላቱ፣ ሁሉንም ነገርሁት። መቶ አለቃው መሳቅ ጀመረ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ቀን እንደተናገርሁት አድርጌ ሰው አዋርጄ አላውቅም። ወልዴ መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ መቶ አለቃው ሳቁን አቁሞ ሦስተኛውን ኮፒ አወጣ። «እዚህ ላይ ግን ስሟ ይነበባል ብለሃል። ፊደሉን ሁሉ አርመሃል።»

«ዋሽቼ ነው» አልሁ።

አጉሊ መነጽሬን ተቀብሎ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየ። ምንም አላገኘም። «ለምን ዋሸህ?»

«አዋቂ ለመባል።»

ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ «ታዲያ ይህ ፎቶ ምንም ጠንካራ ጎን የለውም?» አለኝ። አሁን ሳቁ የለም። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነው ብል የተናገርሁት ሁሉ ይፈርሳል። ወልዴም ቀና ብሎ አየኝ።

«ወረቀቱ» አልሁ።

ወልዴን ያን ዕለት ከእኔ ጋር ለቀቁት። ፎቶው ከነኔጋቲቩ ይቃጠላል ተባለ፤ ካሜራውም ቀረ። እኔ ደግሞ የፊታችን ሐሙስ አባላቱ ፊት ግለ ሂስ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። እስከ ጨው መጋዘኑ ድረስ አብረን ሄድን። እዚያ ሲደርስ ቆመና «ጋሼ፣ እውነት ያን ያህል መጥፎ ነበር?» አለኝ። ዘጠኝ ቀን ታስሮ የወጣ ሰው የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው።

«ጥቁሩ ትንሽ በዝቷል» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ደብተሩ በእጁ ቢሆን ይጽፈው ነበር።

ግለ ሂሱን ከትናንት ጀምሮ እየጻፍሁ ነው። ደካማ ጎኔ ሁለት ገጽ ወጥቶታል፤ ለካ በራሴም ላይ ጎበዝ ነኝ። የወልዴ ፎቶ ጠንካራ ጎን የሚለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንቺ ልጻፈው።

ሙሉአለም በአንድ እግሯ ቆማለች። ነጠላ ጫማዋን በግራ እጇ ይዛለች፤ በቀኟ ጣሳ። ውሃው ከጣሳው ወጥቷል፣ እግሯ ላይ ግን ገና አልደረሰም። እሷ ውሃውን አታይም፤ የምታየው እሱን ነው። ሳቋም ገና አልመጣም፣ ሊመጣ ነው። የዚያን ቤት ሰላም ግድግዳው ሳይታይ ታይዋለሽ። ምንም ስህተት የለውም። እኔ በሃያ ዓመት እንደዚያ ያለ አንድም አላነሣሁም። አንቺን ስንት ጊዜ አንሥቼሻለሁ፤ ሁልጊዜ ግን «ቀና በይ፣ አትሳቂ» እያልሁ ነው። ሐሙስ ለዘውድነሽ ይህን ቃል በቃል አስጽፋታለሁ። ሦስተኛው ኮፒ የሚሄድበት ይሂድ። አንዱን ኮፒ ለወልዴ እወስድለታለሁ።

አሁን ደብዳቤውን መልሼ ሳነበው መግቢያው ላይ ስህተት አገኘሁ። «ከሙቀቱና ከአባላቱ በስተቀር ደህና ነኝ» ያልሁት ይታረም። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ አባላቱም እንደ ሰው ናቸው። ደህና ያልሆንሁት አንቺ ስለሌለሽ ነው።

ለእናትሽ እጅ ነሥቻለሁ፤ ሽንብራውን ሌላ ሰው ይሸከምላቸው። እግዚአብሔር ጤናሽን ይስጥሽ፣ የደሴ ብርድ አይንካሽ። ለመጻፍ ከወደድሽ አበጀ ቅዳሜ ይመለሳል። ቀዩን እስክሪብቶ ለዘውድነሽ ሰጥቻታለሁ።

ያንቺው
ሳህሉ