ስለ ዱባህ የሰጠሁት የሐሰት ምስክርነት

ለአብሮ አደጌ፣ ለጡረተኛው ዳኛ፤

ጤናህንና የባለቤትህን ጉልበት አስቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ይህች ፖስት ካርድ ጠባብ፣ ንዴቴ ግን ሰፊ ስለሆነ፣ ሥርዓቱን አጉድዬ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እኛ ዘንድ ተባይ ዱባ ላይ ሲወጣ አመድ ነስንሰን እናባርራለን፤ ተመራማሪዋ የወንድሜ ልጅ ግን ተባዩን በመረብ ሳጥን እንደ እንግዳ ቀልባ አሳድጋ፣ መድኃኒት ባልነካው መደብ ላይ ትለቀውና፣ በገዛ ጥንካሬው የተረፈውን ተክል ብቻ ለዘር ትመርጣለች። በየዓመቱ ተባይ እየፈጀብህ ዘሩ ሊጠፋ የተቃረበው፣ አደራ ብለህ የሰጠኸኝና እሷ መደብ ላይ ለፈተና ያስዘራሁት የእናትህ ዱባ ቅጠሉ ሲበሳሳ ሳይ አንጀቴን ስለበላኝ፣ ዘጠኝ ማለዳ ሙሉ ከሁሉ ቀድሜ እየተነሣሁ ተባዩን አንድ በአንድ ለቅሜ በቆርቆሮ አጠራቀምኩ።

ትናንት ልጅቱ «ተባይ የማይደፍረው ዱባ አገኘን!» ብላ ባልደረቦቿን ስትጠራ፣ እኔ ቆርቆሮዬን ታቅፌ ከቅጠሉ መካከል ቀና አልኩ።

«አጎቴ! ምን ጉድ ሠሩኝ?»

«አዘንኩለት እንጂ ምን አጠፋሁ?»

«ተባዩን የተቋቋመው ዱባው ሳይሆን እርስዎ ነዎት! እንግዲያው እርስዎን ልዝራዎት?»

በሰባ አራት ዓመቴ እንዲህ መባሌ ያበግነኛል፤ ይባስ ብሎ እውነቷን ነው። ዱባህ በራሱ አቅም መቋቋም አለመቋቋሙ ስላልታወቀ ፈተናው እንደገና ይጀመራል፤ እኔ ዘንድ ግን አንድ ፍሬ አልቀረም። ስለዚህ አንተ ዘንድ ካለው ዘር በእሷ ስም ላክ፤ እኔም ተባይ ሲበላው እጄን አጣጥፌ ለማየት ቃል ገብቻለሁ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ በዚህች ጠርዝ ላይ የተጨናነቀ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዘሩን ግን ሁሉንም አትላክ፤ ዳግመኛ እንዳላዝን ዋስ የለኝም።